«ቢሎንጊንግስ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ምን ምን ያካትታል?

የሜሪላንዷ

ጤና ይስጥልኝ። በሜሪላንድ በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት በረዳት ነርስነት ለመቀጠር የሚያስችለውን ሥልጠና በመከታተል ላይ ነኝ። አንድ አዛውንት ወደ ቤቱ ሲገቡ ይዘዋቸው የመጡት ነገሮች በሚመዘገቡበት ቅጽ ራስጌ ላይ «ቢሎንጊንግስ» የሚል ቃል አለ። የግል ዕቃ ማለት እንደሆነ ከአገባቡ ተረድቻለሁ፤ ነገር ግን መጨረሻው ላይ ያለችው «ስ» ስትወጣ መዝገበ ቃላቱ ከዕቃ ጋር የማይገናኝ፣ በሰዎች መካከል ተቀባይነት አግኝቶ እንደ ራሳቸው ወገን የመቆጠርን ስሜት የሚመለከት ፍቺ ይሰጠዋል። ታዲያ ከአንዲት እናት ዕቃዎች መካከል አንድ መነጽር ብቻ ቢጠፋ በነጠላ ቁጥር ምን ብዬ ልጻፍ? በተጨማሪም በሥልጠናው ላይ «ፕሮፐርቲ»፣ «ፖሰሽንስ»፣ «ስተፍ» የሚሉትንም ቃላት እሰማለሁና ልዩነታቸውን የምታውቁ ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

የእንግሊዝኛ መምህር

ቃሉ ዕቃን ሲያመለክት ምንጊዜም የብዙ ቁጥር ስም ስለሆነ ግሱም ይህንኑ ይከተላል፤ «ማይ ቢሎንጊንግስ አር ሂር» ይባላል እንጂ «ኢዝ» አይገባበትም። ከፊቱ ቁጥር አስቀምጦ «ቱ ቢሎንጊንግስ» ማለትም አልተለመደም። ስለ አንድ ዕቃ መናገር ግድ ከሆነ «ዋን ኦፍ ኸር ቢሎንጊንግስ» ወይም «ኤ ፐርሰናል አይተም» ማለት ይቻላል። በእኔ አስተያየት ግን መነጽር የጠፋ እንደሆነ መነጽር ብለው ቢጽፉ ከሁሉም ይሻላል።

ለእኛ ይበልጥ የሚያስቸግረን ስሙ ሳይሆን የተገኘበት ግስ ነው። በአማርኛ «ይህ ቦርሳ የእኔ ነው» ብለን ስለምንናገር፣ ያንን «ነው» ወደ እንግሊዝኛው ይዘነው እንሄድና «ዚስ ባግ ኢዝ ቢሎንግ ቱ ሚ» የሚል ስህተት እንሠራለን፤ ትክክለኛው «ዚስ ባግ ቢሎንግስ ቱ ሚ» ነው። ስሙ በ«ኢንግ» ዓይነት ድምፅ መጨረሱም አያሳስትዎ፤ በዚህ ትርጉሙ ግሱ የባለቤትነትን ሁኔታ እንጂ በመከናወን ላይ ያለን ድርጊት ስለማይገልጽ «ኢዝ ቢሎንጊንግ ቱ ሚ» አይባልም። ሲነገር ደግሞ ጫናው «ሎንግ» በሚለው ክፍል ላይ ያርፋል።

የሌሊት ተረኛ

እህቴ፣ እኔም በዚሁ ሥራ ላይ ስለሆንሁ ሰዋስዉን ለመምህሩ ትቼ በሥራው ላይ የሚያጋጥምሽን ልንገርሽ። በዚያ ቅጽ ላይ ልብስና ጫማ ብቻ ሳይሆን መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ የመስሚያ መሣሪያ፣ ሬዲዮ፣ የቤተሰብ ፎቶግራፍ ሁሉ ይመዘገባል። ከእነዚህ መካከል ጥሬ ገንዘብና ጌጣጌጥ «ቫሊዩብልስ»፣ ማለትም ውድ ዕቃዎች ተብለው ለብቻቸው ይያዛሉ፤ ብዙ ጊዜም ወይ በተቆለፈ ቦታ ይቀመጣሉ፣ ወይ ቤተሰብ ፈርሞ ይወስዳቸዋል። ቀለበት ስትመዘግቢ «ጎልድ» ብለሽ እንዳትጽፊ። በብዙ ቦታ የተለመደው «የሎ ሜታል»፣ ማለትም ቢጫ ብረት ብሎ መጻፍ ነው፤ መዝጋቢው ወርቅ መሆኑን ፈትኖ ስላላረጋገጠ፣ ኋላ ክርክር ቢነሳ ያየውን ብቻ እንደጻፈ ያስረዳለታል። ለማያውቅ ሰው አስቂኝ ይመስላል፤ ጥንቃቄው ግን ተገቢ ነው።

«ፖሰሽንስ» ከበድ ያለ የጽሑፍ ቃል ነው። በመንከባከቢያ ቤት የሚኖሩ ሰዎችን መብት የሚዘረዝረው የፌዴራል ደንብ የሚጠቀመውም «ፐርሰናል ፖሰሽንስ» በሚለው ነው፤ ነዋሪው ቦታ እስከበቃ ድረስ፣ የሌሎችን ነዋሪዎች መብት ወይም ጤናና ደኅንነት እስካልነካ ድረስ፣ የቤት ዕቃውንና ልብሱን ጨምሮ የግል ንብረቱን ይዞ የመቆየትና የመጠቀም መብት አለው ይላል። ስለዚህ ለእኛ ኮተት የሚመስለንን ያረጀ ቆርቆሮ ሳጥን ባለቤቱን ሳናስፈቅድ ማንሳት አይገባንም። «ፕሮፐርቲ» መሬትና ቤትንም የሚያጠቃልል ሰፊ ቃል ሲሆን፣ ፖሊስ ከታሰረ ሰው ተረክቦ የሚያስቀምጠውን ዕቃም የሚጠራው በዚሁ ነው። «ስተፍ» የጓደኛሞች ጨዋታ ነው፤ «ስተፍስ» ተብሎ አይበዛም። የአንዲትን አዛውንት ዕቃ በሪፖርት ላይ «ስተፍ» ብሎ መጻፍ ደግሞ ለእኔ ንቀት ይመስለኛል።

ነዋሪው ሲያርፍ ለቤተሰብ የሚመለሰው ዕቃ አንዳንድ ጊዜ «ፐርሰናል ኢፌክትስ» ይባላል። በጉምሩክ ወረቀት ላይም ይኸው ቃል ያጋጥምሻል፤ በዚያኛው ግን ከሞት ጋር ግንኙነት የለውም፣ መንገደኛው ለራሱ አገልግሎት የያዘውን ዕቃ ነው የሚያመለክተው።

የበረራ አስተናጋጅ

በእኛም ሥራ ቃሉ የዕለት ተዕለት ነው። አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላ «ፐርሰናል ቢሎንጊንግስ» የምንለው፣ ከራስ በላይ ካለው መደርደሪያ የሚወርደውን ቦርሳም፣ በመቀመጫው ኪስ ውስጥ የተረሳውን ስልክም፣ ወለል ላይ የወደቀውን ፎጣም አንድ ላይ ስለሚያጠቃልል ነው፤ «ባጌጅ» ብንል ሻንጣና ቦርሳ ብቻ ይታሰባል። በአደጋ ጊዜ መንገደኞችን ስናስወጣ ግን ትእዛዙ በጣም ማጠር ስላለበት «ሊቭ ኤቭሪቲንግ» (ሁሉንም ተዉ) ማለት ይቀላል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2 ቀን 2024 በቶኪዮ ሃኔዳ አየር ማረፊያ የጃፓን አየር መንገድ አውሮፕላን ከባሕር ጠረፍ ጥበቃ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ በእሳት ሲያያዝ፣ በመንገደኞች አውሮፕላኑ ላይ የነበሩት 379 ሰዎች በሙሉ በሕይወት ወጥተዋል፤ ለዚህም ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ አብዛኞቹ ዕቃቸውን ትተው መውረዳቸው ነበር። በሌላው አውሮፕላን ከነበሩት ስድስት ሰዎች አምስቱ ሕይወታቸው አልፏል።

የሜሪላንዷ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ አንዲት እናት ከቤታቸው ያስመጡት የክንድ መደገፊያ ያለው ወንበር አለ። ይህን ያህል ትልቅ ዕቃ በዚሁ ቃል ሥር ይገባል?

የሌሊት ተረኛ

ይገባል። ወንበሩ የእርሳቸው ስለሆነ በቅጹ ላይ ከነቀለሙና ከነጭረቱ መዝግቢው፤ አልጋውና ኮመዲኖው የመንከባከቢያ ቤቱ ከሆኑ ግን አይመዘገቡም።