ጥቆማ፦ ባሕር ዳር ውስጥ የሕፃናት ሽሮፕ በሚሊሊትር አስልቶ የሚሰጥ ፋርማሲ የት አለ?

የሕፃን እናት፦ ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ዓመት ከሁለት ወሯ ነው፤ ክብደቷ 10 ኪሎ። ሐኪሙ ለትኩሳቷ ፓራሲታሞል 150 ሚሊግራም ብሎ አዝዞላታል። ጠርሙሱ ላይ ግን የተጻፈው «120 ሚሊግራም በ5 ሚሊሊትር» ነው። የጠየቅሁት ሻጭ ሁሉ «አንድ ማንኪያ ስጫት» ይለኛል። ቀበሌ 14 ወይም ሽምብጥ አካባቢ በትክክል አስልቶ የሚነግር፣ ምልክት ያለው ስሪንጅም የሚሸጥ ፋርማሲ ጠቁሙኝ።

አባይ ማዶ፦ ድልድዩን ተሻገሪና እኛ ሰፈር ነይ። ከዋናው መንገድ ዳር ያለው ፋርማሲ ልጆቼን ሁሉ ያሳደገ ነው። ሰውየው ማዘዣ ሳያይ እንኳን ለሕፃን የሚሆነውን ያውቃል።

የጣና ዳር ልጅ፦ ማዘዣ ሳያይ ካወቀማ ሐኪም ቤቶቹ ይዘጉ! እናትየዋ የጠየቀችው ስንት ሚሊሊትር እንደሆነ ነው።

አባይ ማዶ፦ ሳታውቀው አትናገር። በእኩለ ሌሊት ተነሥቶ የከፈተልን ሰው ነው።

የልጆች አባት፦ ስለ ፋርማሲ ከተነሣ የደረሰብኝን ልናገር። ለልጄ አሞክሲሲሊን ታዘዘለት፤ የመጀመሪያው ጠርሙስ በ5 ሚሊሊትር 125 ሚሊግራም የያዘ ነበር። እሱ ሳያልቅ ተደፋብንና ከሌላ ቤት ገዛሁ። ሻጩ ያቀበለኝ ባለ 250ውን ኖሯል። የካርቶኑ ቀለም አንድ፣ ጠርሙሱ አንድ፤ «ይኼኛው እጥፍ ነው» የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። እኛም በዚያው ልክ መስጠት ቀጠልን። ልጁ ሆዱን ሲያመው ነው የተነቃው። እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ከፔዳ፦ የትኛው ፋርማሲ ነው? ስሙን ጥራልን እንጂ ሌላው እንዲጠነቀቅ።

የልጆች አባት፦ ስም አልጠራም። ይልቅ ካርቶኑን ሳታነቡ ከመስኮቱ አትራቁ።

ከፔዳ፦ ዱቄቱንስ ማን በጠበጠልህ? እኔ የገዛሁበት ቤት ሳይበጠብጥ ነው ያሸከመኝ። ውኃው እስከ የት እንደሚደርስ የነገረኝም የለም።

እማማ ዘጌ፦ ልጄ፣ ለሳልና ለትኩሳት ከሎሚና ከማር የሚበልጥ የለም። የእኛን ሎሚ በጥቂት ማር አድርገሽ አቅምሻት።

ፋርማሲስት፦ እማማ፣ ያሉት በቅንነት እንደሆነ ይገባኛል፤ ነገር ግን ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር ፈጽሞ አይሰጥም። ይህችኛዋ ዓመት አልፏታል፤ ሌሎች እናቶች እንዳይሳሳቱ ብዬ ነው። ለትኩሳቱም ማር የመድኃኒቱን ቦታ አይተካም።

አሁን ወደ ጥያቄው። እህቴ፣ ሚሊግራም የመድኃኒቱ ክብደት ነው፤ ሚሊሊትር መድኃኒቱ የሟሟበት ፈሳሽ መጠን ነው። ለሁሉም ጠርሙስ የሚያገለግል አንድ ምንዛሬ የለም፤ ወሳኙ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው። የታዘዘውን 150 ለ120 አካፍዪ፣ በ5 አባዢ፤ 6.25 ሚሊሊትር ይመጣል። ይኸው 150 ሚሊግራም በ5 ሚሊሊትር 250 ከያዘው ሽሮፕ 3 ሚሊሊትር ነው። በ1 ሚሊሊትር 100 ከያዘው የሕፃናት ጠብታ ደግሞ 1.5 ብቻ። ጠብታውን በአንቺ ሽሮፕ ልክ፣ 6.25 ሚሊሊትር የሰጠ ሰው ከአራት እጥፍ በላይ ሰጠ ማለት ነው። ፓራሲታሞል ሲበዛ ጉበት ይጎዳል፤ ጉዳቱም በዕለቱ ላይታይ ይችላል። በ24 ሰዓት ውስጥ ከአራት ጊዜ አይበልጥ።

የቤት ማንኪያ ተዪ፤ አንዱ ከሌላው አይተካከልም። ባለ 5 ሚሊሊትር ስሪንጅ ግዢ፤ አንድ ጊዜ ሙሉውን፣ ቀጥሎ ከ1.2 ምልክት ጥቂት አለፍ አድርገሽ ቅጂ። መርፌውንና ክዳኑን እዚያው ፋርማሲው ውስጥ አስጥለሽ ውጪ፤ ያች ትንሽ ክዳን ጉሮሮ ላይ ትቀራለች። ስትሰጫት በጉንጯ በኩል ቀስ እያልሽ አድርጊላት።

ከፔዳ ለጠየቅኸው፦ ዱቄቱ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ እስከ ምልክቱ ይበጠበጣል፤ ከመስጠትህ በፊት ሁልጊዜ ነቅንቀው። የሚቆይበትን ቀን ከጠርሙሱ ላይ አንብብ፤ በባሕር ዳር ሙቀት ከዚያ በላይ አታቆየው።

ሽምብጥ፦ እግዚአብሔር ይስጥህ። ስሪንጁ የትኛውም ፋርማሲ አለ፤ የጠፋው የሚያስረዳ ሰው ነው። እኔ «በሚሊሊትር ጻፍልኝ» ብዬ ካርቶኑ ላይ ሳላስጽፍ አልወጣም። ጽፎ የሚሰጥ ቤት ካገኘሽ እሱን ያዢ።

የሕፃን እናት፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ስሌቱ ገብቶኛል። ኢቡፕሮፌንም ቤት አለ፤ እሱ ላይ የተጻፈው 100 በ5 ነው። አካሄዱ ያው ነው?

ፋርማሲስት፦ አካሄዱ ያው ነው፤ መጠኑ ግን የተለየ ነው። ሐኪሙ ሳያዝላት እንዳትሰጫት።

አባይ ማዶ፦ እኔ አሁንም ወደ እኛ ሰፈር ነይ እላለሁ። ስሪንጅም አለው።