ለ2 ዓመት ኮንትራት ሳዑዲ የምትሄድ እናት ልጇን አያት ጋር ስትተው ምን ጨርሳ ትሂድ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደቡብ ወሎ ውስጥ ወደ ዓረብ ሀገር ለሚሄዱ ሴቶች ምክር እንሰጣለን። የ5 ዓመት ልጅ ያላት፣ የልጁ አባት የት እንዳለ የማይታወቅ እናት በኮንትራት ልትሄድ ነው። ልጁ አያቱ ጋር ይቀራል። ከበረራው በፊት ምን ታሟላ? የወረቀቱንም የልጁንም ነገር የምታውቁ ንገሩን።

መልስ 1 (ሕግ አዋቂ)፦
ከልደት ምስክር ወረቀቱ ጀምሩ፤ እናትነቷን የሚያስረዳው እሱ ነው። ብዙዎች «ውክልና ሰጥቻለሁ» ብለው ይሄዳሉ፤ ጠቅላላ ውክልና ግን ከአስተዳደር ሥራ አያልፍም። አባት ስለሌለ አያትየዋ በወረዳ ፍርድ ቤት ብትሾም ይሻላል። ማመልከቻው ላይ «አሳዳሪ»ም «ሞግዚት»ም ይጻፍ፤ አሳዳሪ የልጁን ደኅንነት፣ ሞግዚት ንብረቱን ነው የሚመለከተው። እናትየዋ ራሷ ቀርባ ፈቃዷን ትናገር።
ውክልናውንም አትተዉት፤ ትምህርት ቤት ማስመዝገብ፣ መልቀቂያ መውሰድ፣ ለሕክምና መፈረም እያለ በዝርዝር ይጻፍ። የተረሳ ነገር ካለ ጅዳ ቆንስላ ወይም ሪያድ ኤምባሲ ሄዳ መፈረም ይኖርባታል። ማዳም (የቤቱ አሠሪ) ካላስወጣቻት ግን ያ አይሆንም። ለዚህ ነው እዚሁ ሳለች ማለቅ ያለበት።

መልስ 2 (የገንዘብ ነገር)፦
ሁለት የባንክ ሂሳብ ይከፈት። አንዱ በአያት ስም፣ ለልጁ የወር ወጪ ብቻ። ሌላው በእናትየዋ ስም፣ ማንም እንዳይነካው። ሁሉም በአንድ ደብተር ከገባ ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለቤት ጥገና እየተባለ ያልቃል፤ ስትመለስ ባዶ እጇን ትቀራለች፣ ከቤተሰቧም ትቀያየማለች። 1000 ሪያል ደመወዝ ቢሆን 300 ለልጁ፣ 500 ለቁጠባ ብላ ከአያትየዋ ጋር አስቀድማ ትነጋገር።
ኢቃማዋ (የሳዑዲ የመኖሪያ ፈቃዷ) እስኪወጣ በስሟ ብር መላክ ያስቸግራታል። ስለዚህ ቢያንስ የ3 ወር ቀለብና የትምህርት ቤት ክፍያ አስቀምጣ ትሂድ። የፓስፖርቷን፣ የውሏንና የኤጀንሲውን ስልክ ፎቶ አንስታ ለአያትየዋ ትስጥ። ድንገት ብትጠፋ ቤተሰብ አቤት የሚለው በዚህ ነው።

መልስ 3 (ከሕፃናት ጋር የምትሠራ)፦
እባካችሁ ልጁ ተኝቶ ሳለ እንዳትሄድ። ደብቃ የሄደች እናት ልጅ አያቱ ገበያ ስትወጣም ይጮሃል፤ እንቅልፍ ይፈራል። ቢያንስ ከ1 ወር በፊት ሁለቱም አያት ቤት ይግቡ፤ እናቱንና ቤቱን በአንድ ቀን እንዳያጣ። 5 ዓመት ለሆነው «ሁለት ዓመት» ምንም አይነግረውም። «ሁለት አረፋ» ወይም «ሁለት ፋሲካ» በሉት፣ እንደ ቤቱ።

ጥያቄ (እንደገና)፦
ስልኩስ? ስንት ቀን ትደውልለት?

መልስ 3፦
በሳምንት 2 ቀን የታወቀ ሰዓት ይበቃል፤ ተብሎ የቀረ ጥሪ ከጥቂት ጥሪ ይበልጥ ይጎዳዋል። የሳዑዲ ሰዓት ከእኛ እኩል ነው። ችግሩ ሥራዋ የሚያልቀው ልጁ ከተኛ በኋላ መሆኑ ነው። ማታ በኢሞ ወይም በዋትስአፕ ድምፅ ቀድታ ትላክ፣ አያት ጠዋት ቁርስ ላይ ታሰማው። ዓርብ እንግዳ ስለሚበዛ ለጥሪ አይመረጥ። በረመዳን ቤቱ ሌሊት ስለሚሠራ ጥሪው ይቋረጣል፤ ልጁ «ረሳችኝ» እንዳይል ረመዳን ከመግባቱ በፊት ራሷ ትንገረው።