ዘፈኑን ትልቅ ያደረገው ድምፁ ነው ወይስ የዘፋኙ ሞት?

ጠያቂ፦ ዛሬ የምንከራከረው ስለ እንግሊዙ የሮክ ባንድ ጆይ ዲቪዥን ነጠላ ዘፈን ነው። «ላቭ ዊል ቲር አስ አፓርት»፤ ፍቅር ይለያየናል እንደማለት። ዘፋኙ ኢያን ከርቲስ እ.ኤ.አ. ሜይ 18 ቀን 1980 በ23 ዓመቱ ራሱን አጠፋ። ሸክላው የወጣው በማግስቱ ወር ነው። እንግሊዝ ውስጥ በሸክላ ሽያጭ ሰንጠረዥ 13ኛ ደረጃ ደረሰ። እውነቱን እንነጋገር፤ ባይሞት ኖሮ ዛሬ ማን ያነሳው ነበር? እኔ እንደሚመስለኝ የሸጠው ሐዘኑ ነው።

ቤዝ ተጫዋቹ፦ በፍጹም አልስማማም። ዘፈኑ እኮ ከሞቱ በፊት ነበረ! በኖቬምበር 1979 ለቢቢሲ ሬዲዮው የጆን ፒል ፕሮግራም ቀርጸውታል። ድምፁን ልብ ብለህ ስማው እስኪ። ቤዝ ጊታር አብዛኛውን ጊዜ ከሥር ሆኖ ሌላውን ይደግፋል። የባንዱ ቤዝ ተጫዋች ፒተር ሁክ ግን ወደ ላይ ወጥቶ ዜማውን ራሱ ይይዘዋል፤ ሲንተሳይዘሩም (የኤሌክትሮኒክስ ኪቦርዱ) ያንኑ ዜማ ይዞ ይከተለዋል። ምቱ ፈጣን ነው፣ እግር አያስቀምጥም። ግጥሙ ግን እየቀዘቀዘ ስላለ ትዳር ነው። መኝታ ቤቱ ለምን እንዲህ በረደ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው ያለው። እኔን የያዘኝ ይሄ ነው። መጀመሪያ የሰማሁት ቀን የከርቲስን ታሪክ ጭራሽ አላውቅም ነበር።

ሸክላ ሰብሳቢዋ፦ ፕሮዲውሰሩን ማርቲን ሃኔትን ረሳችሁት እንዴ? የስኔሩ፣ ማለትም የትንሿ ከበሮ፣ ድምፅ አልጥም ብሎት ከበሮ መቺውን ስቴፈን ሞሪስን በሌሊት ከእንቅልፉ ቀስቅሶ እንደገና አስመትቶታል። ነጠላው ላይ ዘፈኑ ሁለት ጊዜ አለ፣ በሁለት የተለያየ ቅጂ። ሁለቱን አከታትላችሁ ስሟቸው። ለድምፅ ያልተጨነቀ ሰው እንዲህ አይሠራም።

ጠያቂ፦ እሺ፣ ድምፁ ጥሩ ነው። ግን እንግሊዝ ውስጥ ማክልስፊልድ ከተማ ባለው የከርቲስ የመታሰቢያ ድንጋይ ላይ የተቀረጸው የዚሁ ዘፈን ርዕስ ነው። ድንጋዩ በ2008 እስከመሰረቅ ደርሷል። ይሄን ካወቅህ በኋላ ሞቱን ከዘፈኑ እንዴት ትለያለህ?

ሌላዋ ተከራካሪ፦ እኔ «ሞቱ ሸጠው» የሚለው አነጋገር ራሱ ይከብደኛል። ሰውዬው የሚጥል በሽታ ነበረበት። የአንዲት ሕፃን አባት ነበር። ያንን የገበያ ዘዴ አስመስለን ባናወራው ደስ ይለኛል።

ጠያቂ፦ ልክ ነሽ። አባባሌን አንስቻለሁ።

ቤዝ ተጫዋቹ፦ መለየት ይቻላል ወይ ላልከው፤ የቀሩት የባንዱ ልጆች የጆይ ዲቪዥንን ስም ጥለው ኒው ኦርደር ተባሉ፣ ዘፈኑን ግን አልጣሉትም። ኮንሰርት ላይ ጊታሪስቱ በርናርድ ሰምነር ይዘፍነዋል፣ ሕዝቡም አብሮ ይዘፍናል። ከዚያ ውስጥ በ1980 ያልተወለደው ስንቱ ነው!

ሸክላ ሰብሳቢዋ፦ በ1983ም ተመልሶ 19ኛ ገብቷል። ሦስት ዓመት ሙሉ በሐዘን ብቻ ሸክላ አይገዛም።

ጠያቂ፦ እንግዲያው ያንን የፒል ቅጂ ላኩልኝ። እሱ በሕይወት እያለ የዘፈነውን ልስማና እመለሳለሁ።