«ሰባት ቤት» ሲባል አንደኛው ቤት የማነው?

ከደሴ፦
እንዴት ናችሁልኝ። የአክስቴ ልጅ አሜሪካ ነው ያለችው፣ እዛ ሰፈራቸው ያለ የቤተሰብ ታሪክ ማህበር ላይብረሪ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ወርክሾፕ ይሰጣል፣ የሚያስተምሩት ጡረታ የወጡ ሰዎች ናቸው አሉ፣ እሷም ገብታ ዘር ቆጠራ መማር ጀመረች፣ ከዛ ምን ቢሆን ጥሩ ነው፣ የቤት ስራው ለኔ መጣ! በቴሌግራም ቅጽ ላከችልኝ። ራስሽ 1 ቁጥር ነሽ፣ አባት 2፣ እናት 3። የማንንም ሰው አባት ስትፈልጊ የሰውየውን ቁጥር በ2 ታባዣለሽ፣ እናቱን ከሆነ ደግሞ 1 ትጨምሪበታለሽ። እስከዚህ አሪፍ ነው፣ ገባኝ። «ሰባት ቤት ድረስ ሙይልኝ» ስትለኝ ነው የተምታታብኝ። እኔ ራሴ አንድ ቤት ከሆንኩ ሰባተኛው ላይ 64 ሰው ነው የሚመጣው፣ ከእናት ካባቴ ከጀመርኩ ግን 128። እኔ የአባቴን ሴት አያት ስም ለማግኘት ብቻ ስንት ቤት ቡና ጠጥቻለሁ። እና እናንተ ጋ ከማን ነው የሚጀመረው?

ከወልድያ፦
እህቴ፣ ቤት እዚህ ላይ ትውልድ ማለት ነው፣ ግድግዳና ጣራ ያለውን አይደለም። እኛ ጋ ለጋብቻ ሲቆጠር ከወላጅ ነው የሚነሳው፣ ልጁና ልጅቷ አይቆጠሩም፣ ሌላ ቦታ ከራስ የሚጀምሩ ሰዎችም ገጥመውኛል ስለዚህ አልማልልሽም። ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ የድሮ ሰው ይሄን ሁሉ በቃሉ የሚይዘው ለጋብቻ ብቻ አልነበረም። አጽመ ርስት እንል የለ? አጽም አጥንት ነው። በላስታ በኩል ርስት ልጠይቅ ያለ ሰው ከርስቱ አባት አንስቶ እስከራሱ ድረስ በአባትም በእናትም ቆጥሮ ማሳየት ነበረበት፣ አንድ ስም ከሳተ ተከራካሪው እዛች ላይ ነው የሚይዘው። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ፣ ርስት ቀረ፣ ቆጠራውም ስራ ፈታ። እኔ አባቴን ሳልጠይቃቸው የቀረሁት ለዚህ ነው መሰለኝ፣ ምን ያደርግልኛል ብዬ።

ከከሚሴ፦
ጋሼ ስለ ቤት ያሉት ልክ ነው፣ ኦሮምኛውም ይደግፍዎታል። «ወረ» ማለት የእገሌ ቤተሰብ፣ የእገሌ ቤት ሰዎች ማለት ነው። ወረኢሉ፣ ወረባቦ፣ ወረሂመኖ እያልን በየቀኑ የምንጠራው የሰው ቤት ነው እንግዲህ። ደግሞ የዚህ አገር የጥንት ስሙ ምን ነበር? ቤተ አምሐራ። ቤተ ያው ቤት ነው! ወረም ቤትም እኩል፣ በሁለት ቋንቋ። ወሎ ካርታው ራሱ የዘር ቆጠራ ቅጽ ነው እኮ አቦ 😀

ከኮምቦልቻ፦
ቅጹ ላይ «ሰርኔም» የሚል ሳጥን የለም እንዴ? እኔም አንዴ በዙም እንዲህ አይነት ስልጠና ገብቼ እዛች ሳጥን ላይ ነው ቆሜ የቀረሁት። የነሱ የቤተሰብ ስም ከአያት ወደ ልጅ እየወረደ ይሄዳል፣ የኛ የአባት ስም አንድ ትውልድ አገልግሎ ይወርዳል፣ ሴቷም ስታገባ ስሟን አትቀይርም። እኔ በባዶ ተውኩት።

ከወረኢሉ፦
ባዶ መተውህ ደግ አደረግክ። እኛ ጋማ ስም ተከትለህ ከሄድክ ትጠፋለህ፣ ያንዱ አባት ሙስሊም፣ አያቱ ክርስቲያን፣ ከዛ በላይ እንደገና ሙስሊም ይሆንብሃል። ንጉሥ ሚካኤል እንኳ ከ1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በፊት መሐመድ አሊ አልነበሩም እንዴ፣ አባታቸውም ኢማም ናቸው። የፈረስ ስሙም አለ፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው እንደሚባሉት፣ ሽማግሌ «የአባ እገሌ ልጅ» ሲልህ አባ እገሌ የሰውየው ስም እንዳይመስልህ።
ሌላው፣ ሸሆቹ ጋ ሄደህ ስትጠይቅ «ነሰብ» በል። ነሰብ የደም ነው፣ በአባት በኩል የሚወርድ። «ሲልሲላ» ካልክ ግን የሚነገርህ ማን ከማን ጦሪቃ (የሱፊ መንገድ) እንደተቀበለ ነው፣ የሸህና የደረሳ ሰንሰለት። ጀማ ንጉሥም ሆነ ጌታ የሚባሉት የሸሆች ቦታዎች ብትሄድ ሁለቱ አይቀላቀሉም። አንድ ወዳጄ ሲልሲላውን ጽፎ አያቶቼ ናቸው ብሎ ለልጆቹ በፍሬም ሰቅሎት ነበር፣ እስካሁን አላወረደውም።

ከደሴ፦
ኧረ ተባረኩ ሁላችሁም! ትላንት የአያቴ እህት ጋ ሄጄ ነበር፣ ቡና እያፈሉ ጠየቅኳቸው። ረከቦቱ ላይ ያሉትን ሲኒዎች ባንድ መስመር ደረደሩ። የመጀመሪያዋን እያሳየሁ «ይቺ እኔ ነኝ?» ብላቸው «አንቺማ ጠጪዋ ነሽ» አሉኝ። አንደኛው ሲኒ አባቴ ሆነ፣ ሁለተኛው አያቴ፣ እንዲያ እያሉ ስድስቱ ሲኒ አለቀ፣ ለሰባተኛው የስኳሩን ዕቃ አመጡት። አምስተኛው ላይ ስሙ ጠፋባቸው፣ ሲኒውን ደፍተውት አለፉ፣ ቶናው እስኪደርስ ይመጣልኛል ብለው ነበር፣ በረካውም ሳይመጣላቸው አለቀ።
እና ያልገባኝ ምን እንደነበር ያኔ ገባኝ። 128ም 64ም አይደለም እሳቸው የሚሉት፣ ሰባት ሰው ነው። ባንድ መስመር ነው ሽቅብ የሚወጡት። የእናቴን ወገን ስጠይቃቸው ሲኒዎቹን ሰብስበው እንደገና ከአንድ ደረደሩ። የወርክሾፑ ቅጽ ግን ሁሉንም ባንዴ ነው የሚፈልገው፣ ለዚያ ደግሞ የሰርግ ቤት ሲኒም አይበቃም። ያክስቴ ልጅ አስተማሪ «ማን ነገራችሁ፣ መቼ፣ የት የሚለውን ከያንዳንዱ ስም አጠገብ ጻፉ» ይላል አሉ፣ እሱን ወድጄዋለሁ፣ ለተደፋው ሲኒም ጻፍኩለት።
አሁን የቀረኝ፣ እሳቸው ሶስተኛውን ሲኒ ቅድመ አያት፣ አራተኛውን ምንጅላት አሉ። ቅም አያት የሚባለውስ የት ገባ?

ከወልድያ፦
ዘለውታል። አያት፣ ቅድመ አያት፣ ቅም አያት፣ ከዛ ነው ምንጅላት፣ አምስተኛው ሲኒ ማለት ነው። የደፉት እሱን ነው።

ከወረኢሉ፦
አልዘለሉም ጋሼ። ቅድመና ቅም አንድ ነው፣ በምላስ ሲያጥር ነው ቅም የሆነው። ምንጅላት አራተኛ ነው።

ከወልድያ፦
አይደለም!