አየሩ ንጹሕ በሆነበት ዋልታ በረዶ በምን ይዘንባል?

የጣና ዳሩ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በበጋው መጨረሻ የማሳ ቃጠሎ ጭስና አቧራ በባሕር ዳር ሰማይ ላይ ሲያንዣብብ፣ ከሐይቁ ዳር ሆኜ የክብራን ገብርኤልን ደሴት በቅጡ መለየት ያቅተኛል። ደመና ያለ ብናኝ እንደማይፈጠር ተምሬአለሁ፤ ታዲያ ብናኝ እጅግ ጥቂት በሆነበት በዋልታዎች አካባቢ በረዶ እንዴት ይዘንባል? የሚያውቅ ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

ፊዚክስ አስተማሪ (ፔዳ)፦
ጥያቄዎ መሠረታዊ ነው። ውኃ ዜሮ ዲግሪ ሲደርስ ሁልጊዜ በረዶ ይሆናል ብለን እናስባለን፤ የደመና ጠብታ ግን ከዜሮ በታች እስከ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ፈሳሽ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ከዚያ ቀድሞ እንዲረጋ የሚያስጀምረው ብናኝ ያስፈልገዋል፤ ይህን የሚችለውም ማንኛውም ብናኝ አይደለም። የማዕድን አቧራ በአብዛኛው የሚሠራው ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ አካባቢና ከዚያ በታች ሲሆን፣ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ግን ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ላይ እንኳ ያረጋሉ። በአርክቲክ (በሰሜን ዋልታ አካባቢ) እንዲህ ያሉት ብናኞች ጥቂት ስለሆኑ ውኃና በረዶ የተቀላቀለበት ዝቅተኛ ደመና ለቀናት ሳይበተን ይቆያል። ጥቂት የበረዶ ቅንጣቶች ሲፈጠሩ፣ በበረዶ ላይ ያለው የውኃ ተን ግፊት በውኃ ላይ ካለው ስለሚያንስ፣ ጠብታዎቹ እየተነኑ ቅንጣቶቹን ያሳድጓቸዋል፤ ቅንጣቶቹም ሲከብዱ ይወርዳሉ። የእነዚህን አርጊ (ጠብታን የሚያረጉ) ብናኞች ምንጭ በተመለከተ፣ በስቫልባርድ (በአርክቲክ ባሉት የኖርዌይ ደሴቶች) የበረዶ ግግር ሲሸሽ ከሚገለጠው ደለል የሚነሣው አቧራ ብርቱ አርጊ ሆኖ ተገኝቷል።

ከሽምብጥ፦
መምህር ያሉትን በዓይኔ አይቻለሁ። ከሱቅ ማቀዝቀዣ ያወጣሁት የታሸገ ውኃ ጥርት ያለ ፈሳሽ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ መታ ሳደርገው ግን ነጭ መርፌ የመሰለ በረዶ ከአንገቱ ጀምሮ በቅጽበት ሞላው። ታዲያ የፋብሪካ ጭስ እዚያ ቢደርስ በረዶው ይበዛል ማለት ነው?

ፊዚክስ አስተማሪ (ፔዳ)፦
ወንድሜ፣ እንዲያውም ሊያንስ ይችላል። በክረምታቸው ማብቂያና በጸደይ ከአውሮፓና ከእስያ የሚነፍሰው ጭጋግ፣ በ1950ዎቹ አብራሪዎች ያስተዋሉት፣ በአብዛኛው ሰልፌት (የድኝ ውህድ) እና ጥቀርሻ የያዘ ነው። ሰልፌቱ ጠብታ ለመፍጠር እንጂ ለማርጋት ብዙም አይረዳም። ያው ውኃ ለብዙ ደቃቅ ጠብታዎች ይከፋፈላል፤ ደቃቆቹ ደግሞ ተጋጭተው ለመተለቅም ሆነ በሚወርደው ቅንጣት ላይ ለመለጠፍ ይቸገራሉ። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሙቀቱ ነው፤ የሚንጸባረቅ ፀሐይ በሌለበት የዋልታ ሌሊት፣ በጠብታ የበዛው ስስ ደመና ከመሬት የሚወጣውን ሙቀት አፍኖ ይይዛል።

የጣና ዳሩ፦
መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በአንታርክቲካ ዙሪያ ባለው ውቅያኖስ ላይም እንዲሁ ነው?

ፊዚክስ አስተማሪ (ፔዳ)፦
እዚያ የብስ ሩቅ በመሆኑ አርጊ ብናኝ ይበልጥ ያንሳል፤ ካለውም ብዙው ማዕበሉ ከሚረጨው ጠብታ ጋር የሚነሣ የባሕር ሕይወት ቅሪት ነው። ስለዚህ ደመናው በአብዛኛው ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። ይህን ቶሎ በረዶ አድርገው ያሰሉ የአየር ንብረት ሞዴሎች፣ ደመናው ወደ ሕዋ የሚመልሰውን የፀሐይ ብርሃን አሳንሰው ገምተው ነበር።