አንዷ ኳስ አምስት ናት፦ ልጄና የሥዕል ግራፍ

እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 3ኛ ክፍል ናት። ባለፈው ዓመት በሒሳብ አንድም ስሞታ አልሰማሁባትም፤ ዘንድሮ ግን መምህሯ ጠርታ የሥዕል ግራፍ እንዳስቸገራት ነገረችኝ። የሠራችበትን ወረቀት ይዤው መጣሁ። በአንድ ረድፍ አምስት ኳስ ተስሏል። «ኳስ የሚወዱ ልጆች ስንት ናቸው?» ይላል፤ እሷ 5 ብላለች። መልሱ 25 ነው። ቀጥሎ ኳስ የሚወዱት ዋና ከሚወዱት በስንት እንደሚበልጡ ሲጠይቃት ሁለቱን ደምራ ጽፋለች። እኔ የምሠራው ማታ ማታ ነው፤ ሲነጋ ገብቼ ለአውቶቡሷ ከማድረስ ሌላ ጊዜ የለኝም። እንግሊዝኛዬም ለዚህ አይበቃም ብዬ እፈራለሁ። አስጠኚ ልቅጠርላት ወይስ ራሴ ቤት ውስጥ ላደርገው የምችለው ነገር አለ? እባካችሁ ምከሩኝ።

መምህርት፣ ከአሌክሳንድሪያ

አይዞሽ እህቴ። ደሴ 11 ዓመት የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎችን አስተምሬያለሁ፤ እዚህ አሜሪካም በረዳት መምህርነት እሠራለሁ። ይህን ስህተት በየዓመቱ አየዋለሁ።

መጀመሪያ፣ ልጅሽ አልሰነፈችም። የተለወጠው ትምህርቱ ነው። የእናንተ ግዛት ሜሪላንድ መመዘኛዋን በመሠረተችበት፣ ኮመን ኮር በሚባለው የትምህርት መመዘኛ 2ኛ ክፍል ላይ አንድ ሥዕል የሚቆመው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። አምስት ኳስ ያየ ልጅ አምስት ቢል ልክ ነው። 3ኛ ክፍል ሲገቡ ግን አንዱ ሥዕል 2 ወይም 5 ወይም 10 ይሆናል፤ ስንት እንደሆነ የሚናገረው ከግራፉ ሥር በደቃቃ ፊደል የተጻፈው መፍቻ ነው። በልጅሽ ወረቀት ላይ አንዷ ኳስ 5 ናት፤ አምስቱ ኳስ 25 የሆነው ለዚህ ነው። ልጅሽ ያደረገችው አምና ያስተማሯትን ነው። መፍቻውን መፈለግ ገና አልለመደችም።

በወረቀት አትጀምሪ። ሽምብራና ባቄላ አውጪ። እሑድ ቤት ስትውዪ ልጅሽ ዘመድ ጎረቤቱን እየዞረች ከማንጎ፣ ከሙዝና ከብርቱካን የትኛውን እንደሚወዱ ትጠይቅ። ለእያንዳንዱ መልስ አንድ ሽምብራ ታስቀምጥ። ማንጎ 8፣ ሙዝ 6፣ ብርቱካን 3 ሆነ እንበል። ጠረጴዛው ላይ በየረድፉ ትደርድረው። ይህ አምና የምታውቀው ግራፍ ነው። ከዚያ «ቦታ ጠበበን፤ ሁለት ሁለቱን ሽምብራ በአንድ ባቄላ እንለውጠው» በያት፤ አምስት ባለአንድ ዶላር ሰጥታ አንድ ባለአምስት እንደምትቀበል ማለት ነው። በቁራጭ ወረቀት ላይ «አንድ ባቄላ = 2» ብላ ራሷ ትጻፍና ከሥሩ ታስቀምጠው። ማንጎ አራት ባቄላ፣ ሙዝ ሦስት ይሆናሉ። ብርቱካን ጋ ስትደርስ አንድ ባቄላ ለውጣ አንድ ሽምብራ ይተርፋታል። እዚህ ላይ አትንገሪያት፤ ትንሽ ጠብቂ። ከዚያ ክክ ስጫት። ባቄላው ሁለት ከሆነ ክኩ አንድ ነው። መጽሐፉ ላይ ተቆርጦ የምታየው ግማሽ ኳስ ያው ክክ ነው። ቀጥለሽ መፍቻውን ለውጪባት፦ «አንድ ባቄላ 10 ቢሆንስ፣ ክኩ ስንት ነው?» ረድፉን ሳትነኪ ቁጥሩ ሁሉ ሲለወጥ ስታይ የመፍቻው ጉልበት ይገባታል።

ስትስልም ሥዕሎቹ እኩል መሆናቸውን ተመልከቺ። ልጆች ማንጎውን ግዙፍ፣ ብርቱካኗን ኢምንት ያደርጓታል፤ ሦስት ማንጎ ከአራት ብርቱካን የረዘመ ረድፍ ይሠራል፤ ዓይን ደግሞ የሚያምነው ርዝመቱን ነው። ኦቶ ኖይራት የሚባል ሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1925 ቪየና ውስጥ ሙዚየም ከፍቶ፣ ስለ መኖሪያ ቤትና ስለ ጤና ለተራው ሕዝብ በሥዕል ሲያስረዳ የያዘው ደንብ ይኸው ነበር፦ ብዛቱ ሲጨምር ሥዕሉ ይደጋገማል እንጂ አይተልቅም። ባለቤቱ ማሪ ኖይራትም በ1950ዎቹ ይህንኑ ዘዴ ይዛ ለምዕራብ ናይጄሪያ ሕዝብ ስለ ጤናና ስለ ትምህርት ሠርታበታለች። እንደ ጨዋታ የሚታየው ይህ ግራፍ ለትልልቅ ሰዎች ቁም ነገር የተሰናዳ ነው፤ ለዚህም ነው ልጆቻችን ሲያልፋቸው ዝም ማለት የማልችለው።

አሁን ወደ መደመሯ ልምጣ። ይህ የቋንቋ ጉዳይ ነው፤ አማርኛሽ የሚያግዝሽም እዚህ ላይ ነው። «ሃው ሜኒ ሞር» ሲባል ልጅ ጎልቶ የሚሰማው «ሞር» ነው፤ ጭማሪ ይመስለውና ይደምራል። እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበት ልጆችም ይሳሳቱታል። አማርኛው ግን «ማንጎ ከሙዝ በስንት ይበልጣል?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። «ከ» ሁለቱን ያስተያያል፤ «በስንት» ልዩነቱን ይጠይቃል። ሁለቱን ረድፍ ጎን ለጎን አድርጊና ሙዝ ባለቀበት ላይ ጣትሽን አሳርፊ። ከጣትሽ ወዲያ የቀረው አንድ ባቄላ ነው። አንድ ባቄላ 2 ነው፤ ስለዚህ በ2 ይበልጣል።

አባት፣ ከሚኒያፖሊስ

መምህርት፣ ምክርዎ ጥሩ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ግን ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ ለምዳው እዚያ ግራ ብትጋባስ? እኔ ለልጄ ሁሉንም በእንግሊዝኛ ነው የማስረዳው።

መምህርት፣ ከአሌክሳንድሪያ

ወንድሜ፣ ስጋትህ ይገባኛል። እኔ ያየሁት ግን ነገሩ አንዴ ከገባቸው የእንግሊዝኛውን ስም መለጠፍ እንደማይከብዳቸው ነው። እናት በማትደፍረው እንግሊዝኛ ብታስረዳት ልጅቷ የምታገኘው የተቆራረጠ ነገር ነው። በአማርኛ ይሥሩት፤ በዚያው ዕለት የትምህርት ቤቱን ወረቀት አውጥተው ያንኑ ጥያቄ በእንግሊዝኛ ታንብበው። አንድ ልማድ ብቻ ትያዝ፦ አንድም ሥዕል ከመቁጠሯ በፊት መፍቻውን በእርሳስ ትክበበው።

እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሦስት ሳምንት ሆነን። መጀመሪያ ባቄላውን ትበትነው ነበር፤ እኔም ከሥራ ደክሞኝ ስለምገባ ተቆጥቻት አንድ ቀን አቋርጠናል። በሚቀጥለው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንግዶች ሲመጡ ማን ቡና፣ ማን ሻይ፣ ማን ለስላሳ እንደጠጣ ሳልነግራት ራሷ መዘገበች። «አንድ ሲኒ = 2» ብላ ከሥር ጻፈች። ቡና የጠጡት 7 ነበሩና ሦስት ሲኒ ስላ አራተኛው ላይ ቆመች። እኔ ዝም አልኩ፣ እንዳሉኝ። ጆሮ ያላት ግማሽ ሲኒ ሳለች።

ትናንት ከትምህርት ቤት ያመጣችው ወረቀት ላይ መፍቻው ተከቧል፤ አንዱ ኳስ 4 ነው። ረድፉ ላይ ግማሽ ኳስ አለ። ከአጠገቡ 2 ብላ ጽፋ፣ ከሥሩ በትንንሽ የአማርኛ ፊደል «ክክ» ብላለች።