በ8,000 ብር ድሬ ላይ ቤቴ ሆኜ ምን ልሥራ?

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት (ሳቢያን)
ሰላም ለእናንተ ይሁን። ባለፈው ሳምንት እቁብ ደረሰኝ። እዳዬን ከፍዬ እጄ ላይ የቀረው 8,000 ብር ነው። የምኖረው አንድ ክፍል ተከራይቼ ነው፣ ፍሪጅ የለኝም። ትንሿ ልጄ ገና ዓመቷ ስለሆነ ከቤት ርቄ መዋል አልችልም። ጓደኛዬ ልባሽ ጨርቅ በቦንዳ ገዝተን እንካፈል ትለኛለች። እኔ ደግሞ ሳምቡሳ ልሞክር ይሆን እላለሁ። ብሩ ሳያልቅብኝ መጀመር እፈልጋለሁና የሠራችሁበት ምከሩኝ።

መልስ፦ የከዚራ ልጅ
አቦ እህቴ፣ ቦንዳውን ተይው። ታስሮ ነው የሚሸጥልሽ፣ ፈትተሽ አታይውም። እኔ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አዋጥተን ገዛን። ስንፈታው ግማሹ ወፍራም ካፖርት ሆነ። በድሬ ሙቀት ካፖርት ማን ይገዛል? አራት ወር ቤት ተቀመጠ። በመጨረሻ ወደ ደጋ ለሚወስድ ነጋዴ በኪሳራ ሰጠነው። ደግሞ ቀረጥ ያልተከፈለበት ሆኖ ከተያዘ ይወረሳል።

መልስ፦ የቀፊራዋ
ልጄ፣ ሳምቡሳው ጥሩ ነው። ቀፊራ ገበያ አጠገብ ዘጠኝ ዓመት ሸጬ ልጆቼን አሳድጌበታለሁ። ግን ፍሪጅ ሳይኖርሽ ሥጋ እንዳትነኪ። በዚህ ሙቀት ጠዋት የተሠራ ሥጋ ማታ አይደርስም። በምስር ጀምሪ። ምስሩ ሳይፈርስ፣ ጠንከር እንዳለ አውጪውና ውሃውን በደንብ አጥልዪው። ከረጠበ ሳምቡሳው ዘይት ውስጥ ይፈነዳል። ሽንኩርትና ቃሪያ ከትፈሽ የምትጨምሪው ምስሩ ሲቀዘቅዝ ነው።

ብዙ ሰው የሚቸገረው ቂጣው ላይ ነው። ሁለት ድቡልቡል ሊጥ በትንሹ ዳምጪ። አንዱን ዘይት ቀብተሽ፣ ዱቄት ነስንሰሽ ሌላውን ደርቢበት። ከዚያ አብረሽ ዳምጪያቸው። ምጣድ ላይ ለአፍታ ብቻ አገላብጠሽ በትኩሱ ስታላቅቂያቸው ሁለት ስስ ቂጣ ይወጣልሻል። ቆርጠሽ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኚው፤ ከደረቀ ስትጠቀልዪው ይሰነጠቃል። ጫፉን በውሃ በበጠበጥሽው ዱቄት አጣብቂው።

ሰዓቱንም ያዢ። ከ7 እስከ 10 ሰዓት ፀሐዩ ከባድ ነው፣ ሰው አይወጣም። ያኔ ጠቅልዪ፣ 10 ሰዓት ላይ መጥበስ ጀምሪ። በረመዳን ከማፍጠሪያው በፊት ያለችው አንድ ሰዓት የሌላውን ቀን ገበያ ሁሉ ታስከነዳለች።

መልስ፦ ባለሱቁ (መጋላ)
ሙያውን እናታችን ነግረውሻል። እኔ ሒሳቡን ልንገርሽ። ዋጋው እንደ ገበያው ይለዋወጣል፣ ለምሳሌ ያህል ግን ለ100 ሳምቡሳ ዱቄቱ፣ ዘይቱ፣ ምስሩና ከሰሉ 700 ብር ፈጀ እንበል። አንዱን በ10 ብር ሸጥሽ። ሁሉም ካለቀ 300 ብር አተረፍሽ። 15 ፍሬ ከቀረብሽ ግን የገባው 850 ነው፣ ትርፍሽ 150። በ15 ሳምቡሳ የትርፍሽ ግማሽ ሄደ ማለት ነው! ስለዚህ በ40 ጀምሪ። ሦስት ቀን በተከታታይ ቶሎ ካለቀልሽ 60 አድርጊው። መጀመሪያ ከ3,000 ብር በላይ አታውጪ፣ የቀረውን እንደሌለ ቁጠሪው። የቤት አስቤዛም ከዚያ እንዳትነኪ።

ዱቤን ከመጀመሪያው ቀን እምቢ በዪ። ጎረቤት ነው፣ ይከብዳል፣ አውቃለሁ። እኔን ግን የመጀመሪያ ሱቄን ያዘጋኝ ዱቤ ነው።

መልስ፦ የጀጎል ልጅ (ሐረር)
ኦቾሎኒም ጨምሪበት። የባቢሌን ከቀፊራ በኪሎ ገዝተሽ፣ ቆልተሽ፣ በትንንሽ ፌስታል ብታሽጊው ከሳምቡሳ በተለየ ለነገ አይበላሽም። አንድ ነገር አደራ፦ ከመቁላትሽ በፊት የተጨማደደውን፣ የጠቆረውንና የሻገተውን ለቅመሽ ጣዪው። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመጣል። ቢቆላም መርዙ ጨርሶ አይጠፋም።

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም! ቦንዳውን ትቼዋለሁ። በ40 ሳምቡሳ ቅዳሜ እጀምራለሁ። እማማ፣ ዱቄቱ የቱ ነው የሚሻለው? አንዴ የጠበስኩበትን ዘይትስ ለነገ ልጠቀምበት?

መልስ፦ የቀፊራዋ
የፉርኖ ዱቄት ነው ልጄ። ዘይቱን ሲቀዘቅዝ በጨርቅ አጥልለሽ አንዴ ልትደግሚው ትችያለሽ። ከጠቆረ ወይም ሽታው ከተለወጠ ግን አትሳሺለት፣ ድፊው። ደንበኛ ሽታውን ያውቃል፣ አይመለስልሽም።

አንድ ክፍል ነው ያልሽው አሳስቦኛል። ቤት ውስጥ እንዳትጠብሺ። የከሰሉ ጭስ ይጎዳችኋል። ዓመት የሆናት ልጅ ደግሞ ያገኘችውን ይዛ ነው የምትቆመው። ከበር ውጪ ጥበሺ። ከ10 እስከ 12 ሰዓት ትንሿን የሚይዝልሽ ሰው ካሁኑ ፈልጊ። ሰው ያጣሽ ቀን አትጥበሺ፣ ኦቾሎኒሽን ሽጪ።